የዝሆን ጥርስ መንገድ፤ ከየጁቤ ገበያ እስከ ጨበራ ጩርጩራ

ዝሆንን በዱር ለማየት የሚሻ ሰው ዛሬ ስንቁን ቋጥሮ፣ ውሃውንና ነዳጁን ጭኖ፣ በጂፕ ወይም በላንድሮቨር ወደ ቆላ ይወርዳል። አይቶና ተደንቆ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ይመለሳል። ለማየት ብቻ ብሎ ወደ ዝሆን አገር መሄድ ግን በታሪካችን አዲስ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ባለፉት ሁለት ሺሕ ዓመታት ወደ ዝሆን አገር የተጓዘው ሰው አብዛኛው ወይ ሊገድል፣ ወይ ከገዳዩ እጅ ጥርሱን ሊገዛ የሄደ ነበረ። ከእነዚህም ከሁለቱ ገዳዩ በፉከራና በቀረርቶ ሲወሳ ኖሯል፤ ገዢው ግን ተረስቷል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈቀድነው ይህንኑ የተረሳውን ነው። ስለዚህም ነገራችንን ዝሆን ካለበት ቆላ ሳይሆን ዝሆን ከሌለበት ደጋ፣ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከየጁቤ እንጀምራለን።

የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በባሶ ሊበን የምትገኝ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ያልራቀች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን ቁልቁለት ወርዶ በደጀን የሚወጣው ዋናው የመኪና መንገድ በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ስለሚያልፍ፣ ዛሬ የጁቤን የሚያያት በዚያ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። የዛሬ 180 ዓመት ግን መንገዱ ወደ እርሷ ይመጣ ነበር እንጂ እርሷ ከመንገድ ዳር አልነበረችም። የውጭ አገር መንገደኞች በመጽሐፎቻቸው «የባሶ ገበያ» እያሉ የጠሩት ይኸው የየጁቤ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ ያለው የደቡብና የምዕራብ አገር ሀብት ከሰሜኑ ነጋዴ ጋር የሚገናኝበት ታላቅ ስፍራ ነበረ። በ1834 ዓ.ም. በጎጃም ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ያየውን ጽፎ አስቀርቶልናል።

ከማዶ የሚመጣው ዕቃ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ወርቅ፣ ኮረሪማ፣ እንዲሁም በከብት ቀንድ ታሽጎ የሚሸጥ ዝባድ ነበረ። ወደ ማዶ የሚሻገረው ደግሞ አሞሌ ጨው፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ከጊቤ አገሮችና ከከፋ ወገን ተማርከው ወይም ተሰርቀው የመጡ ሕፃናትና ሴቶች በዚያው መንገድ ዓባይን እየተሻገሩ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይነዱ ነበር። የጥርሱን ታሪክ ጽፎ የሰዉን በዝምታ ማለፍ ለእውነት የማይስማማ ስለሆነ ነው ይህንን እዚህ ላይ ያኖርነው። በአንድ ሲራራ ውስጥ፣ በአንድ ነጋዴ እጅ፣ ሁለቱም አብረው ሄደዋልና።

ከሰሜን የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከምጽዋ በዓድዋና በጎንደር በኩል ይወርዳል። ከጎንደርና ከደሪጣ ወደ ጎጃም ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ዛሬ ሰባራ ድልድይ በሚባለው በኩል ዓባይን ተሻግሮ በሞጣ የሚያልፈው ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው፣ ለበቅሎውና ለአህያው የሚሆነው እህል የሞጣና የቢቸና ደጋ የሚያበቅለው ጤፍና ገብስ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ የአገሩም ገዥ ከዚህ ቀረጥ ብዙ ይጠቀማል። በጎጃም መሳፍንት መካከል ለነበረው የማያቋርጥ ጠብ፣ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና በልጃቸው በብሩ ጎሹ መካከል የነበረው ሳይቀር፣ አንዱ ምክንያት ሥልጣን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በጎጃም ላይ ሥልጣን ማለት በኬላዎቹና በዚህ ገበያ ላይም ሥልጣን ማለት እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ነጋዴው ከየጁቤ ወደ ደቡብ ለመሻገር በመጀመሪያ የክረምቱን መውጣት ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ውሃው ሲጎድል በመልካው፣ ሳይጎድል ደግሞ በተነፋ አቁማዳና በዋናተኛ ጉልበት ይሻገራል። ወባውም አዞውም አንድ ላይ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ማዶ ጉዱሩ አገር ሲደርስ በአሳንዳቦ ገበያ ያርፋል፤ በዚያም አገር ጠባቂ የሚሆነው ወዳጅ ካላበጀ በቀር ወደፊት መሄድ አይችልም። ከዚያ ብዙ ቀን ተጉዞ እናርያ ይገባል። የእናርያ ታላቁ ገበያ ሳቃ ከዛሬይቱ ጅማ በስተሰሜን በሊሙ ነበረ።

ወሬያችን ሁሉ ወደዚህ የሚያመራ ነው። በእናርያ ከ1817 ዓ.ም. እስከ 1853 ዓ.ም. የነገሡት አባ ባጊቦ ንግድ የሚያውቁ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። ከሰሜን የመጣው ነጋዴ ከሳቃ እንዲያልፍ አይፈቅዱለትም ነበር። ከሳቃ ወዲያ ወደ ከፋና ወደ ሌሎቹ አገሮች እየሄዱ ጥርሱን የሚያመጡት የአገሩ ነጋዴዎች ብቻ ናቸው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1835 ዓ.ም. ከጎጃም ተሻግሮ እናርያ ሲገባ፣ ከሳቃ አልፎ ከፋን ለማየት የቻለው የአባ ባጊቦ ሙሽራ ከከፋ ስትመጣ ከአጃቢዎቹ ጋር ስለ ተላከ ነው። ሙሽራ ለማምጣት ያልተላከ ነጋዴ ግን ሳቃ ላይ ተቀምጦ የሚመጣለትን ይገዛል። እንግዲህ ዕድሜውን በሙሉ የዝሆን ጥርስ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረው የደሪጣ ወይም የየጁቤ ሲራራ ነጋዴ፣ ዝሆን የሚባለውን እንስሳ ከነሕይወቱ ሳያየው መሞቱ የተለመደ ነገር ሳይሆን አልቀረም። የሚያውቀው ጥርሱን ነው፤ ሚዛኑን፣ ስንጥቁን፣ ቀለሙን ያውቃል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ያህል እንደሚሆንና ምጽዋ ሲደርስ ምን እንደሚያወጣ ያውቃል። ጥርሱን ከምጽዋ የሚረከበው የሕንድ ነጋዴ ደግሞ ከዚያ የባሰ ሩቅ ነው፤ ቦምቤይ ወስዶ ለሴቶች አምባር ያሠራዋል። ከዚያም አልፎ አውሮፓ የገባው ለቢላዋ እጀታ፣ ለማበጠሪያ፣ ለፒያኖ መምቻና ለቢልያርድ ኳስ ይውላል። በለንደን ፒያኖ የምትመታው ወይዘሮና በከፋ ጫካ ጦሩን ስሎ የሚያደባው አዳኝ በአንድ ገመድ ታስረው ነበር፤ የገመዱም አንዱ ቋጠሮ የጁቤ ነው።

አዳኙስ ማን ነበረ? እንደ አገሩ ልማዱ ይለያያል። በከፊሉ አገር ጉድጓድ ይቆፈርለታል፤ በከፊሉ በጦር ይከበባል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በሰሜን ምዕራብ በሱዳን ወሰን አጠገብ የነበረው የሰይፍ አደን ነው። በ1760ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ገለጠው፣ ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች በአንድ ፈረስ ይፈናጠጣሉ። የፊተኛው ልጓሙን ይዞ በዝሆኑ ፊት እየተመላለሰ ይሰድበዋል፤ ዝሆኑም ተቆጥቶ ሲያባርረው ፈረሱ ዞር ይልና የኋለኛው ሰው ሰይፉን ይዞ ከበስተኋላ ዱብ ይላል፤ የእግሩንም ጅማት ከተረከዙ በላይ ይቆርጠዋል። ወዲያው ባልንጀራው አፈፍ አድርጎ ያወጣዋል። ከብሩስ በኋላ 90 ዓመት ያህል ቆይቶ ሳሙኤል ቤከር በሰቲት ወንዝ ዳር ይህንኑ አደን በዓይኑ አይቶ መስክሯል። ሰቲት የተከዜ ታችኛው ስሙ ነው። ዝሆን ገድሎ የተመለሰ ሰው ጅራቱን ይዞ ይፎክራል፤ በብዙ አገር ሎቲ በጆሮው ያደርጋል፤ በኦሮሞ ጀግኖች ዘንድ ደግሞ ከጥርሱ የተሠራ አምባር በክንድ ማጥለቅ የታወቀ ክብር ነበር። ከሁለቱ ጥርስ አንዱን ለገዥው መስጠትም በብዙ ስፍራ የጸና ልማድ ነው። በጦርና በሰይፍ ዝሆንን የሚገጥም ሰው ጀግና አልነበረም የሚል ቢኖር፣ እርሱ ራሱ አንድ ጊዜ ይሞክረውና ያን ጊዜ እንከራከራለን።

ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ሚዛኑን የጠበቀው ይኸው የአደጋው ብዛት ነው። ዝሆን 22 ወር አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ቀጣዩንም እስክትደግም ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንዲህ የዘገየ ዘር በጦርና በሰይፍ የሚሞተውን ይተካል፤ በጠመንጃ የሚሞተውን ግን መተካት አይችልም። ከዚህም በላይ ነጋዴው የሚፈልገው ትልቁን ጥርስ በመሆኑ፣ አዳኙ የሚያስቀድመው ሽማግሌዎቹንና ባልቴቶቹን ነው። መንጋውን የምትመራው አሮጊቲቱ ናት፤ በድርቅ ዓመት ውሃው የት እንዳለ፣ መንገዱም በየት እንደሆነ የምታውቅ እርሷ ናትና፣ እርሷ ስትወድቅ የሚወድቀው ዕውቀት ጭምር ነው።

የኢትዮጵያ ዝሆን ጥርስ ንግድ ከየጁቤ ገበያ እጅግ የቀደመ መሆኑን ለማስታወስ ያህል ጥቂት እንጨምር። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ጉዞ በጻፈው መጽሐፍ፣ ናይል ብሎ ከጠራው ወንዝ ማዶ ያለው ጥርስ ሁሉ ወደ አክሱም፣ ከአክሱምም ወደ አዱሊስ ወደብ እንደሚመጣ ተናግሯል። በ6ኛው መቶ ዓመት ከንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ተልኮ ወደ አክሱም የተጓዘው ኖኖሶስ ደግሞ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲሄድ በመንገድ በአንድ ሜዳ 5,000 የሚያህሉ ዝሆኖች ተሰማርተው ማየቱን ጽፏል። ቁጥሩን አጋንኖት እንደ ሆነ አንከራከርም፤ እኩሌታው እንኳ እውነት ቢሆን ዛሬ በዚያ አገር የሚታይ አይደለም። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ያውቃል፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ለመዋጋት ሲመጣ፣ ለመድፍ መጓጓዣ የሚሆኑ 44 የሠለጠኑ ዝሆኖች ከሕንድ በመርከብ አምጥቶ ያወረደው በዙላ፣ ከአዱሊስ ፍራሽ አጠገብ ነበር። ለዓለም ጥርስ ስትልክ የኖረች የባሕር ዳርቻ ከሕንድ ዝሆን ተቀበለች።

ወደ የጁቤ እንመለስ። የገበያዋ ዕጣ የተቆረጠው በጦር ሜዳ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጥር 1873 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ ጦራቸው በራስ ደረሶ መሪነት ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር ይዞ እስከ ጊቤ ወገን ግብር ያስከፍል ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በበኩላቸው በራስ ጎበና ፈረሰኞች ወደዚያው አገር ይገፉ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ተገናኙ። የጎጃም ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ይህን ጦርነት ብዙ ጸሐፊዎች የሁለት ነገሥታት የክብር ፉክክር አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን በዋናው የንግድ መንገድ ጦርነት ነበረ እንላለን፤ ያሸነፈው ወገን የቡናውን፣ የወርቁን፣ የዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ምንጭ ያዘና። ከእምባቦ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ጭነት ዓባይን መሻገሩ እየቀነሰ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሸዋ አዞረ። ምኒልክ ታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ፣ መንገዱ እስከ ዘይላና እስከ ጅቡቲ ድረስ ተከፈተ። የጅማው አባ ጅፋርም ለምኒልክ ከሚገብሩት ግብር አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበረ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የጁቤ ለአካባቢው ሕዝብ የምትበቃ ገበያ ሆና ቀርታ ነበር።

በዚህ ዘመን ጥርሱ የሚገዛው ነገር ተለወጠ። ለአሞሌና ለዶቃ የነበረው ጥርስ ለጠመንጃ ሆነ። ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ ነጋዴዎች ለሚገዙት መሣሪያ ከሚከፍሉት ሀብት መካከል የዝሆን ጥርስ ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው። ለዓድዋው ድል ዋጋ ከከፈሉት መካከል በከፋ፣ በወለጋና በጊሚራ ጫካ የወደቁት ዝሆኖች ይቆጠራሉ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ይህንንም የምንለው ልናዝን ወይም ልንኮራ ብለን ሳይሆን ሒሳቡ እንዲህ ስለሆነ ነው። የተገዛው ጠመንጃ ግን በዓድዋ ብቻ አልተተኮሰም፤ ተመልሶ ወደ ጫካው ገባ። ፈረስ ላይ ሁለት ሆኖ መፈናጠጥም፣ ጅማት መቁረጥም ቀረ።

መንግሥት ጉዳቱን ያየው ቀደም ብሎ ነው። የአደንን ነገር የሚወስን የመጀመሪያው ሕግ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1901 ዓ.ም. ገደማ እንደ ወጣ ይነገራል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ አራዊት ጥበቃ ቁጥር 61 አዋጅ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጁሊያን ሃክስሊ ያሉበት የዩኔስኮ ልዑክ መጥቶ አገሩን ከዞረ በኋላ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ፤ ከዚያም የአዋሽ፣ የኦሞና የሰሜን ተራሮች ፓርኮች ተከታትለው ተመሠረቱ። በሐረር ወገን በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ያሉትን ዝሆኖች ለመጠበቅም በ1962 ዓ.ም. ወደ 7,000 ካሬ ኪሎሜትር የሚሆን የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተከለለ። በወረቀት የተከለለው ሁሉ ግን በምድር ላይ አልተከለለም። በባቢሌ እርሻና ሰፈር በየዓመቱ ወደ ሸለቆው ይገባል፤ ጥርስ ፈላጊውም አልታጣም። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በአፍሪካ በ18 አገሮች ከአየር በተደረገው ታላቁ የዝሆን ቆጠራ፣ በአገራችን በተቆጠሩት ስፍራዎች የተገኘው 799 ያህል ዝሆን ብቻ ነው። ኖኖሶስ በአንድ ሜዳ አየሁ ካለው ስድስተኛ እጁን እንኳ አይሞላም።

በጎጃም አፋፍ ቆሞ ዝሆንን ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ደጋው ከጥንት የበሬና የሞፈር አገር ነው። በአማራ ክልል ምዕራብ ጫፍ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው በአልጣሽ፣ አንበሳ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በፎቶግራፍ ተረጋግጧል። የተከዜ ዝሆኖች፣ ቤከር በሰይፍ ሲታደኑ ያያቸው ምናልባትም የእነዚያው ዘር፣ በቃፍታ ሽራሮ ቀርተው ወሰን እየተሻገሩ ይኖራሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ልብን የሚስበው በየጁቤው መንገድ በሩቁ ጫፍ ላይ ያለው ነው።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከጅማ መንገደኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በጭዳ በኩል ወደ ኮንታ ይወርዳል። በኮንታና ጥንት ኩሎ ይባል በነበረው በዳውሮ መካከል፣ ከኦሞ ወንዝ በላይ ባለው ኮረብታማ አገር፣ በ1997 ዓ.ም. የተከለለው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ለሳቃ ገበያ ጥርስ ከሚመጣባቸው አገሮች ወገን ነው። ነጋዴዎቻችን እንዳያልፉ የተከለከሉት ወደዚህ ነበር። ዝሆኑም እዚህ ከሌላው ስፍራ ይበልጥ ተርፏል፤ ምክንያቱን ስንመረምር ገደሉ፣ የገንዲ በሽታው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣርና የመንገዱ መዘግየት እንጂ የሕጉ ብርታት ብቻ ሆኖ አናገኘውም።

ጂፑ ሁሉን አያደርስም። መኪናው ከአንድ ስፍራ ይቆምና ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በእግር መሄድ ግድ ነው። በክረምት ሣሩ ረዝሞ ዝሆኑን በሃያ እርምጃ ላይ እንኳ ይሰውረዋል፤ ስለዚህ ሣሩ የሚደርቅበት ወራት ይመረጣል። ጠባቂው መጀመሪያ ዳናውን ያሳያል፤ ቀጥሎ ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ፣ ቀጥሎም ገና ያልቀዘቀዘ ፋንድያ። ነፋሱ ከሰው ወደ መንጋው እንዳይነፍስ እየዞሩ ይሄዳሉ። ዝሆኑ ሳይታይ ጎሽ፣ ከርከሮ፣ ደፈርሳ፣ ድኩላ፣ በዛፍ ላይም ጉሬዛ ይታያል፤ በሐይቆቹ ጉማሬ አለ። ከዚያ በወንዙ ማዶ ግራጫ ቋጥኝ የመሰለው ነገር ጆሮውን ያርገበግባል። እናቲቱ ኩምቢዋን አንሥታ ነፋሱን ትመረምራለች፤ ግልገሉ ከሆዷ ሥር ይገባል። የደሪጣው ነጋዴ በዕድሜው ሙሉ ሚዛን ላይ ሲያኖረው የኖረው ጥርስ ከአፏ ወጥቶ በፀሐይ ያበራል።

በአዲስ አበባ መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሕገ ወጦች የተያዘውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስና ከጥርስ የተሠራ ጌጥ በእሳት አቃጠለ። በየጁቤ ሚዛን ቢመዘን 360 ፈረሱላ ያህል ነው። ባለ ሲራራዎቹ ቢያዩት እብደት ይሉት ነበር።

በጨበራ ዙሪያ ያለው ገበሬ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ዝሆን በሌሊት ከፓርኩ ወጥቶ የበቆሎ ማሳ ሲገባ፣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ እስኪነጋ ያልቃል። ገበሬው ማማ ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያድራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአካባቢው መንገድ ተሻሽሏል፤ «ዝሆን ዳና» የተባለ የእንግዳ ማረፊያም ተሠርቷል። ጎብኚው በዚያ የሚከፍለው ገንዘብ ማማ ላይ ለሚያድረው ሰው ይደርሰው እንደ ሆነ፣ ወይስ እንደ ጥንቱ ጥርስ በየኬላው እየተቆረጠ ይቀር እንደ ሆነ፣ ለጉዳዩ የተሾሙት ባለ ሥልጣኖችና በአገሩ ያሉት መምህራን ከእኛ ይልቅ ቅርብ ናቸውና ሊመረምሩት ይችላሉ። በቆሎው የሚደርሰው ደግሞ ዝሆኖቹ ወደ ማሳው በሚወርዱበት ወራት ነው።